መጨረሻውን ሳታዩ አታስተካክሉ

የድሮ የሰርግ ካሴት ወደ ፍላሽ ያስገለበጠ ሰው ይህችን ችግር ያውቃታል። ሽማግሌው ቆመው ይመርቃሉ፤ ከንፈራቸው ተዘግቷል፣ ድምፃቸው ግን ገና ይሰማል። «አሜን» የሚመጣው ታዳሚው አፉን ከዘጋ በኋላ ነው። እጅ ከበሮው ላይ አርፎ ተነስቷል፣ ምቱ ግን ዘግይቶ ይደርሳል። ቤተሰቡ ጥቂት ደቂቃ ታግሶ ያይና ይዘጋዋል። ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ድምፅ ያለበት ቪዲዮ እንዲህ ተዘግቶ ሲቀር ያሳዝነኛል፤ አብዛኛው ሊስተካከል ይችል ነበርና።

ካሴት መገልበጥና ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ሥራዬ ስለሆነ ብዙ ሰው «በምን ሶፍትዌር ላስተካክለው?» ይለኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ መጀመሪያው ላይ ምን ያህል ይለያያል? መጨረሻው ላይስ? ብዙዎች መጨረሻውን አላዩትም። መጀመሪያው ላይ አስተካክለው ደስ ይላቸዋል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድምፁ እንደገና ከምስሉ ይለያል፤ ሶፍትዌሩ ይወቀሳል። የችግሩን ምንጭ የሚነግራችሁ ግን በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ከሁሉ በፊት የብሉቱዝ ማዳመጫችሁን አውልቁ። ብሉቱዝ በራሱ ድምፅ ያዘገያል፤ ምንም ያልሆነ ፋይል የተበላሸ ያስመስላል። በኮምፒውተሩ ስፒከር ወይም በገመድ ማዳመጫ ስሙት።

በድምፁና በምስሉ መካከል ያለው ክፍተት ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ቪዲዮውን በቪኤልሲ ማጫወቻ ክፈቱና፣ ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ፣ ድምፁ ሲቀድም የ«ኬ»ን፣ ሲዘገይ የ«ጄ»ን ቁልፍ ተጫኑ። በተጫናችሁት ቁጥር ድምፁ በ50 ሚሊ ሰከንድ ይንቀሳቀሳል። ለዚህ ጭብጨባ ያለበትን ቦታ ምረጡ፤ መዳፍ ከመዳፍ ሲገናኝ ለማየት ከከንፈር ይልቅ ይቀላል። ሲገጥም ቁጥሩን ጻፉት። ቪኤልሲ ፋይሉን አይለውጠውም፤ ቁጥሩን ወስዳችሁ አቪዴመክስ በሚባል የኤዲቲንግ ፕሮግራም ድምፁን ብታንሸራትቱት ግን ምስሉ እንደገና ሳይጨመቅ፣ ጥራቱም ሳይቀንስ ይስተካከላል።

ምን ያህል ልዩነት ነው ዓይናችን የሚይዘው? የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለብሮድካስት ባወጣው ምክር መሠረት፣ ድምፅ በ45 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሲቀድም ሰው ይነቃል፤ ሲዘገይ ግን እስከ 125 ድረስ ላይታወቀው ይችላል። ከማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው መጥረቢያው ካረፈ በኋላ ነው ድምፁ የሚደርሰን፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚጓዘው። ዘግይቶ የሚመጣ ድምፅ ለምደናል። ከእጁ ቀድሞ የሚጮኽ ከበሮ ግን በተፈጥሮ የለም። ስለዚህ ፍጹም ማድረግ ካልቻላችሁ፣ ስሕተቱ ወደ መዘግየት ቢያደላ ይሻላል።

ክፍተቱ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ማንሸራተት አያድነውም። ድምፁና ምስሉ የሚሄዱበት ፍጥነት ይለያያል ማለት ነው። የሀገራችን ካሴት የፓል ሥርዓት ነው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ ያሳያል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ካሴት ግን ኤንቲኤስሲ ነው፤ እሱ 29.97 ይሄዳል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1953 የቀለም ቴሌቪዥን ሲያጸድቁ፣ የቀለሙ ሲግናል የድምፁን እንዳይረብሽ ከ30 ላይ ትንሽ ቀነሱ፤ የዚያ ቁራጭ ጣጣ እስከ ዛሬ አለ። 29.97 የሆነውን ምስል ፕሮግራሙ 30 ነው ብሎ ካጫወተው በአንድ ሰዓት ውስጥ 3.6 ሰከንድ ይለያያል። በሲኒማ ፍጥነት በ24 የተቀረጸ ፊልም በ25 ከሄደማ የአንድ ሰዓቱ ፊልም 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ መጨረሻው ላይ ስንት ሰከንድ እንደተለያየ ለኩና ለርዝመቱ አካፍሉት፤ ከሺህ አንድ ከመጣ ወይም ከመቶ አራት ከመጣ ጥፋተኛው ታውቋል። ትክክለኛውን የፍሬም ቁጥር ሰጥታችሁ ከዋናው ፋይል እንደገና ኮንቨርት አድርጉት።

የስልክ ቪዲዮ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። 30 ፍሬም ይባል እንጂ ብርሃን ሲያንስ ወይም ስልኩ ሥራ ሲበዛበት ፍሬሙን ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን ሳያቋርጥ ይቀረጻል። ቁጥሩ ቋሚ ነው ብሎ የሚያስብ ፕሮግራም ውስጥ ሲገባ ከንፈርና ድምፅ ይለያያሉ። ፋይሉን ሚዲያኢንፎ በሚባል ፕሮግራም ስትከፍቱ የፍሬሙ ሁኔታ «ቫሪያብል» የሚል ከሆነ፣ ኤዲት ከማድረጋችሁ በፊት ሃንድብሬክ በሚባል መለወጫ አሳልፉትና «ኮንስታንት» የሚለውን ምረጡ። ይህን ማወቅ ብቻውን የብዙ ወጣት ኤዲተሮችን ሌሊት ያተርፋል።

የሚከብደው ድምፁ ከምስሉ ጋር አንዴ ገጥሞ፣ ድንገት ተለያይቶ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ሲዘልል ነው። ካሴቱ ያረጀበት ወይም የተጨማደደበት ቦታ ላይ ሲግናሉ ይቆራረጣል፤ ኮምፒውተሩ ፍሬም ይጥላል፣ ድምፁ ግን አይጠብቅም። እዚህ ላይ የሚረዳ ስሌት የለም። የካሴት ማጫወቻውን (የዴኩን) ሄድ አጽድቶ፣ ካሴቱን አንዴ እስከ ጫፍ አጠንጥኖና መልሶ፣ ከተገኘም የሲግናሉን ሰዓት የሚያስተካክለውን ቲቢሲ የሚባል መሣሪያ መሐል አስገብቶ እንደገና መገልበጥ ነው የሚበጀው። ያ ካልሆነ በየዘለለበት ቦታ እየቆረጡ አንድ በአንድ ማገጣጠም ነው፤ አድካሚ ነው፣ ግን ይቻላል። የሚወስደውን ጊዜ ባለሙያው ቢጠይቃችሁ አትቆጡት።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ዋናውን ፋይል አታጥፉ፤ ለኤዲተር በቴሌግራም ስትልኩም በቪዲዮ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩ፤ እንዲያ ሲሆን አይጨመቅም። «ተገልብጧል» ብላችሁ ካሴቱን አትጣሉ። የተገለበጠው ላይ ያለው ስሕተት የሚታረመው ከካሴቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። የቪኤችኤስ ዴክ ሲያመርት የቆየው የመጨረሻው ኩባንያ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ማምረቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ደህና የሚሠራ ዴክና እሱን የሚጠግን ሰው እያነሰ ነው። ያልተገለበጠ ካሴት ቤታችሁ ካለ በዚህ ዓመት አስገልብጡት።