ከስምንት ነው የሚጀመረው

ልጄ ታፕ ዳንስ ልማር ስትለኝ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የጠየቅኩት የጫማውን ዋጋ ነው። ጫፉና ተረከዙ ላይ ብረት አለው፤ ስትራመድበት የጋሪ ፈረስ የመጣ ይመስላል። ማታ ማታ ስለምሠራ ተረጋግተን የምንገናኘው ቅዳሜ ነው፤ እሱም እኔ በአማርኛ፣ እሷ በእንግሊዝኛ።

አንድ ቅዳሜ አኩርፋ ወጣች። «ታይም ስቴፕ» የሚሉት እርምጃ እምቢ ብሏታል። ዳንሰኛው የሚፈልገውን ፍጥነት ለሙዚቀኞቹ በእግሩ የሚያሳይበት የቆየ፣ መሠረታዊ እርምጃ ነው። «ከእንግዲህ አልሄድም» አለች።

«እስቲ ለኔ አሳዪኝ» አልኳት።

ቀኝ እግርን ክብደት ሳይጥሉ ወለሉን መምታት፤ በግራ እንጣጥ፤ ቀኙን መርገጥ፤ ግራውን ወደ ፊት ጠረግ አድርጎ መርገጥ፤ መልሶ ቀኙን። ስድስት ድምፅ። ከዚያ በግራ ይደገማል። ቀላል ይመስላል አይደል? እስክስታ የለመደ ትከሻ እዚህ ምንም አይረዳም። ተጠላልፌ ፍሪጁን ያዝኩ። ከታች ያሉት ጎረቤት ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደቡ። «እሳቸውም ምቱን ስተዋል» ብላ ሳቀች።

ደጋግማ ስታየኝ ቆየችና በአማርኛ ጮኸች፦ «አባዬ፣ ከአንድ አይደለም! ከስምንት ነው!» ለካስ የመጀመሪያው ምት ካለፈው ቆጠራ ጭራ ላይ ነው የሚነሳው። ይህን ብላ ዝም አለች። እሷም ስትጀምር የከረመችው ከአንድ ነበር።

በኋላ ስለ ዳንሱ አነበብን። በደቡብ ካሮላይና በ1739 ባሪያ የተደረጉ አፍሪካውያን ካመፁ በኋላ ከበሮ በሕግ ተከለከለባቸው፤ ምቱ ግን በእጅና በእግር ቀጠለ። ከአየርላንድ ጭፈራ ጋር ተቀላቅሎም ታፕ ሆነ። እኛ በምንኖርበት ቨርጂኒያ፣ ሪችመንድ ከተማ በ1878 የተወለደው ቢል ሮቢንሰን በደረጃ ላይ ጭፈራው የታወቀ ነው፤ ልደቱ ሜይ 25 በአሜሪካ የታፕ ዳንስ ቀን ሆኗል። ሐውልቱም እዚያው ደረጃ ላይ ሲጨፍር ያሳያል። ልጄ ካላየሁት ብላለች።

ለጎረቤታችን ስንል አሁን ወጥ ቤቱን ትተናል። ባዶ ሲሚንቶ ለጉልበት ጥሩ ስላልሆነ ፓርኪንጉ ውስጥ ጣውላ እናነጥፋለን። እሷ በአማርኛ ትቆጥራለች፤ «ስድስት» ላይ ምላሷ ይያዛል። እኔን «እንጣጥ» ላይ ጉልበቴ።