ሞተሯና ብረት ሠሪው

በዳሚ ተቀምጦ ስለ መኪና ማሞቂያ መጻፍ ሊያስቅ ይችላል። ይሁንና ከበርበራ ጠረፍ ሙቀት ተነሥቶ የሼክን ዳገት በሌሊት የወጣ ሰው አይስቅም። ከባሕሩ ዳር ይዘነው የወጣነው እርጥብ አየርና የተሳፋሪው ትንፋሽ በቀዘቀዘው የፊት መስተዋት ላይ ጤዛ ሆኖ ይለጠፋል። በዚያን ሰዓት በክሩስኮቶው ሥር ያለችው ትንሽ ሞተር ነፋስ ካልላከች፣ ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ጨርቅ ይዞ በገደል አፋፍ ይሄዳል።

በጋራ የያዝናት፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራችው ቶዮታ ይህችው ሞተር ቆመችባት። በመኪናዋ አምስት ቤተሰብ ይተዳደራል፤ ስለዚህ ነገሩ የቅንጦት አልነበረም። ወዴት እንውሰዳት ብለን ስንመክር አንዱ የጎረቤታችንን የብረት ሠሪውን ግቢ ጠቆመ። ሌላው ወዲያው «ለቀጥቃጭ?» አለ። ቃሉ ከየት እንደ መጣ ሁላችንም እናውቃለን።

ዳሚ የጋቦዬዎች ሠፈር ነው። ብረት በመቀጥቀጥ፣ ቆዳ በመሥራትና ጸጉር በማስተካከል የኖሩ ናቸው፤ በዚሁ ምክንያት ሌላው ጎሳ ልጁን አይድርላቸውም። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? በአገራችንስ ማረሻውን የሠራውን ሰው «ቡዳ» ብለን ስንርቀው፣ ማረሻውን ግን ወስደን ስናርስበት አልኖርንምን?

አዴር የምንላቸው ይህ ብረት ሠሪ አማርኛ ይሰማሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ ሕዝቧ ወደ አገራችን ሲሰደድ፣ እሳቸውም በልጅነታቸው ሀርትሼክ ካምፕ ገብተው እዚያው አደጉ። ስደት ምን እንደሆነ እኛ አንነግራቸውም።

አዴር መጀመሪያ ካቻቢቴ አላነሡም። ፊውዙን አዩ፤ ደህና ነው። «በትልቁ ፍጥነት ብቻ ትሠራ ነበር ወይስ ጭራሽ ጠፋች?» ብለው ጠየቁ። በትልቁ ብቻ የምትሠራ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የሞተሯ ሳይሆን ፍጥነቱን የሚቀንሰው መከላከያ ሽቦ መቃጠል ነውና። ጭራሽ ጠፋች አልናቸው። ከባትሪው ሁለት ሽቦ ስበው በቀጥታ ሰጧት፤ ዝም አለች። በካቻቢቴው እጀታ ቆርቆር ሲያደርጓት ትንሽ ዞራ ቆመች። «ካርቦኗ አልቋል» አሉ።

መኪናዋ መሪዋ በቀኝ ስለሆነ ሞተሯ በግራ፣ ከዕቃ ማስቀመጫው ኪስ በስተጀርባ ናት። ሦስት ብሎን ተፈታ፤ ሞተሯ ከነቬንትሌተሯ ወረደች። አቧራው ሲራገፍ ካርቦኑ አልቆ ከመዳቡ ቀለበት ጋር አይገናኝም፤ ቦኮላዋም ሰፍቶ ዘንጉ ይወዛወዛል። ከወዳደቀ ሌላ መኪና የተነቀለ ሞተር አመጡ። ዘንጉ ቀጠን ስላለ ስስ መዳብ ቀጥቅጠው እንደ ቀለበት አለበሱትና ቬንትሌተሩን በዳዶ አሰሩት።

ከመግጠማቸው በፊት ግን በባትሪ ሞከሩት። ዞረ፤ ነፋሱ ግን ወረቀት እንኳ አያርገበግብም። «ወደ ኋላ እየዞረች ነው» አሉና ሁለቱን ሽቦዎች አለዋወጡ። ወረቀቱ ከእጃችን በረረ። እኛ ይህን ሕግ ከመምህራን ማሠልጠኛ ይዘነው ወጥተን ለስንት ክፍል በጠመኔ ጽፈነዋል፦ የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ ሲገለበጥ የሞተሩም ዙር ይገለበጣል። አዴር ሕጉን በጽሑፍ አላዩትም፤ በጣታቸው ግን ያውቁታል። ሁለቱ ዕውቀት አንድ መሆኑን በዚያ ግቢ ቆመን አየን። ልዩነቱ አንደኛው ሲያስከብር ሌላው ማሰደቡ ነው።

ወገኖች ሆይ! ስደት ዲፕሎማችንን በሻንጣ ውስጥ አስቀርቶታል። ልጆቻችን ከእኛ ፊደልና ሒሳብ ይማራሉ፤ እንጀራ የሚያበላ ሙያ ግን ከአጥሩ ባሻገር አለ። ስለዚህ አዴርን ልጆቻችንን እንዲያስተምሩልን ለመንናቸው። ገንዘብ አልጠየቁም፤ አንድ ነገር ብቻ አሉ፦ «ከእኔ ቤት ሻይ የሚጠጡ ከሆነ ይምጡ።»

ሁለት ልጆች ሄደዋል፤ ሻይም ጠጥተዋል። ለሦስተኛ ልጅ ቦታ አለ።