ሦስተኛ ወገን

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ባትሪ ግሪፕ ነው። አዎ፣ ካሜራ ሥር ስለሚገጠመው፣ ሁለት ባትሪ ስለሚጎርሰው ፕላስቲክ! «ይህቺ ልጅ ጋዜጠኝነት ተምራ አቦምሳ ገባችና የምትጽፈው ጠፋት» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ። ወሬው ከፕላስቲኩ ይጀምርና እኔው ላይ ያልቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተመረቅኩ በኋላ በየሚዲያው በር ሲቪ ሳስገባ ከርሜ፣ ሲሰለቸኝ እናቴ ቤት ተመለስኩ። እንጀራ የሰጠኝ ዲግሪዬ ሳይሆን ሰርግ ነው። ካሜራዬ ሶኒ ኤ7 ማርክ 2 ይባላል። በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ሁለት ባለቤት የቀየረ ሚረርለስ ነው። ከሱ ጋር አንድ ኦርጂናልና ሁለት ፎርጅድ ባትሪ ተመርቆልኛል።

ያለፈው ጥር አንድ ሰርግ ነበረኝ። እዚህ አርሲ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ ትሰጣታለች። ለማያውቀው ሲንቄ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ በትር ነው። ለአርሲ ሴት ግን ክብሯና መብቷ ነው። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው መሐል ከገቡ የሚጣሉ ወንዶች እንኳ ጠባቸውን ያቆማሉ። ይህ በትር ከእናት እጅ ወደ ልጅ እጅ የሚሻገረው አንዴ ነው። «እስቲ እትዬ፣ እንደገና ይስጧት፤ ብርሃኑ አልተመቸኝም» አይባልም።

እናትየው ሲንቄውን አነሱ። ሙሽሪት እጇን ዘረጋች። እኔ ዓይኔን ቪውፋይንደሩ ላይ ተክያለሁ፤ ባትሪው 41 በመቶ ይላል። ጣቴን ስጫን ጨለማ! ካሜራው ድርግም አለ። መለዋወጫው ያለበት ቦርሳ መኪና ውስጥ ነው። ሮጬ ስመለስ ሲንቄው ሙሽሪት እጅ ገብቷል፤ እልልታው እንኳ ጋብ ብሏል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እናትየው ደወሉ። «ልጄ፣ ሲንቄውን የሰጠሁባት ፎቶ የታለ?» አሉኝ።

«ካሜራው ተበላሽቶ ነው እትዬ» አልኩ።

ካሜራው አልተበላሸም ነበር። ይህቺን ዐረፍተ ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በዚያ ሰሞን ግሪፕ ፍለጋ ገባሁ። የድሮዎቹ ባለመስታወት ካሜራዎች ባትሪ የሚቆጥቡት ወደው አይደለም። በነሱ ዓይንህ የሚያየው በመስታወት የተንጸባረቀውን ብርሃን ራሱን ነው፤ ለማየት ብቻ ኤሌክትሪክ አይበላም። ሚረርለስ ግን መስታወት ስለሌለው ሴንሰሩም ትንሿ ስክሪንም አንተ በምታይበት ጊዜ ሁሉ ይሠራሉ። ፎቶ ሳታነሳም ባትሪው ያልቃል። የሰርግ ፎቶ አንሺዎች የሚወዱት ካነን 5ዲ ማርክ 3 በአምራቾቹ መለኪያ በአንድ ባትሪ 950 ያህል ፎቶ ያነሳል። የኔው ኤ7 ማርክ 2 በስክሪኑ 350፣ በቪውፋይንደር 270 ነው። ሶኒም ነገሩ ገብቶት በ2018 ባወጣው ኤ7 ማርክ 3 ትልቅ ባትሪ አድርጎ ቁጥሩን ከ600 በላይ አደረሰው። እሱን ለመግዛት ግን ስንት ሰው መዳር እንዳለብኝ እናንተው አስሉት!

እንግዲህ ግሪፕ። የሶኒው ኦርጂናል ሲወጣ ከሦስት መቶ ዶላር በላይ ነበር። ሌሎች ኩባንያዎች የሚሠሩት፣ ነጋዴው «ቻይናው» የሚለው፣ ፈረንጅ ደግሞ «የሦስተኛ ወገን» የሚለው ከመቶ ዶላር በታች ይገኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ «ሦስት መቶ ዶላር» የምትለው ቃል ትርጉሟ ተለውጧል። በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ መቶ ብርን ሲያልፍ የኔ ደመወዝ አብሮ አላለፈም። (ደመወዝ ስለሌለኝ ማለት ነው።)

በአባዱላ አዳማ ሄጄ ከድሮ ጀምሮ ፎቶ ቤት ያላቸውን አንድ ጋሼ አማከርኩ።

«ኦርጂናሉን ብገዛ ይሻላል ጋሼ?»

«እሱ ጥያቄ አይደለም» አሉኝ። «ሁሉም ይበላሻል። ሲበላሽ ምን ይዞብሽ ይሄዳል? እሱን ጠይቂ።»

ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት አራት ዓመት ቆይቼ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠየቅኩም!

በሳቸው ጥያቄ ማጣራት ጀመርኩ። ለዚህ ካሜራ የተሠራ ግሪፕ ሲገጠም የካሜራው የባትሪ መዝጊያ ይነቀላል፤ የግሪፑ ምላስ በባትሪው ቦታ ይገባል፤ ሁለቱ ባትሪዎች ግሪፑ ውስጥ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ትልቁ ጉዳይ ምላሱ ነው። ልል ከሆነ ስትራመዱ ካሜራው ይጠፋል። ከጠበቀ ደግሞ ሲወጣ ሲገባ የካሜራውን የባትሪ ቤት ይጎዳል፤ እሱ እንግዲህ «ይዞ የሚሄደው» ዓይነት ብልሽት ነው። ሁለተኛው ካሜራው ጠፍቶም ባትሪ የሚመጥ ግሪፕ መኖሩ ነው። ማታ ሞልታችሁ አስገብታችሁ ጠዋት ግማሽ ታገኛላችሁ። ሦስተኛው፣ ካሜራውን አቁሞ ለማንሳት የተሠራችው ቁልፍ ናት፤ በርካሾቹ ላይ ቀድማ የምትደክመው እሷ ናት። ይህቺ ግን ብትሞት ይዛ የምትሄደው የለም፤ የላዩን ቁልፍ ትጫናለህ፣ አለቀ።

ኦርጂናል የሚባለው ሁሉ ደግሞ ሙሉ እንዳይመስላችሁ። ኒከን ለዜድ 6ና ለዜድ 7 በ2019 ያወጣው የራሱ ግሪፕ ባትሪ ከመያዝ በቀር አንዲት የማንሻ ቁልፍ እንኳ አልነበረውም። ሶኒ ለኤ6000 ጭራሽ ግሪፕ አልሠራም፤ እዚያ ያለው ምርጫ ሦስተኛ ወገን ወይም ምንም ነው። ስም ብቻ አይቶ መግዛትም ስንፍና ነው ለማለት ያህል።

ከሁሉ በላይ ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው። ግሪፕ ባትሪን በሁለት ያባዛል እንጂ አያሻሽልም። ሰርጉ ቀን የከዳኝን ፎርጅድ ባትሪ ሁለት አድርጌ ባስገባ ሁለት ጊዜ እከዳለሁ እንጂ ሌላ ትርፍ የለውም። የኦርጂናሉ ባትሪ አቅም 1020 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። ፎርጅዱ ላይ ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ሥራው ግን ከግማሽ በታች። ከሰርጉ በኋላ ሞልቼ፣ ሰዓት ይዤ ሞከርኩት። 40 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ደጋግሞ ድርግም ይላል። ሙከራው የፈጀብኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሰርጉ በፊት ማድረግ እችል ነበር። አላደረግኩም። ያልተጣራ ነገር ይዤ ወጣሁ… በትምህርት ቤት ይህንን ምን እንደሚሉት አውቃለሁ።

መጨረሻ ላይ ቻይናውን ግሪፕ መረጥኩ፤ በተረፈው ብር ሁለት ኦርጂናል ባትሪ ጨመርኩ። ዕቃውን ዱባይ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ይዛልኝ መጣች። (የምታስመጡ ካላችሁ፦ ለብቻው ያለ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። ግሪፑ ባዶውን ቢጫን ግን ችግር የለውም።) ሲደርሰኝ እንደ አዲስ ሙሽራ ሳምንት ሙሉ ቤት አስቀምጬ ፈተንኩት። ባትሪ ሞልቼ አሳደርኩት፤ አልመጠጠም። ገጥሜው ግቢውን ዞርኩ፣ አራገፍኩት፣ ወንድሜ እንዲያስደነግጠኝ አደረግኩ፤ አልጠፋም። ነቅዬው የድሮውን መዝጊያ መለስኩ፤ ካሜራው እንደነበረው ሠራ። መዝጊያዋን አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ከአንድ ሙሉ ባትሪ ጋር አስሬ ነው የምይዛት። ቦርሳው ደግሞ ትከሻዬ ላይ ነው፤ መኪና ውስጥ አይቀርም!

በሦስተኛው ወር የጎን ቁልፏ መስማት አቆመች፤ በዚያው ሰርግ ላይ። የላዩን ተጫንኩና ቀጠልኩ። ማንም አላወቀም። ጋሼ ያሉት ይህንን ነበር።

አሁን ወደዚያች ዐረፍተ ነገር። ግሪፑ ከመጣ በኋላ አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ዕቃውን «ስትበላሽ ምን ይዘህ ትሄዳለህ?» እያልኩ ሳምንት ሙሉ መረመርኩ። እኔን ማን መረመረ? እኔ ስሳሳት የሰዎቹን ፎቶ ብቻ ሳይሆን እውነቱንም ይዤ ሄጃለሁ። ጋዜጣ ሲሳሳት እርማት ያወጣል። እኔ ጥፋቴን ሁሉ ለካሜራው ሰጥቼ ዝም አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ሙሽሪት እናት ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር። «እትዬ፣ ካሜራው አልተበላሸም። ያልሞከርኩት ባትሪ ይዤ መጥቼ ነው። መለዋወጫውም መኪና ውስጥ ነበር። ዋሸሁዎት» አልኩ። ለፎቶው ከተከፈለኝ ላይ ቆርጬ የያዝኩትንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ዝም ብለው አዩኝ። ቆጣ ብለው ቢናገሩኝ ይቀለኝ ነበር።

«ሲንቄው ልጄ ቤት አለ» አሉ በመጨረሻ። «የጠፋው ፎቶው ነው። አንቺ ግን ያን ቀን ይህንኑ ብትይኝ፣ ልጄን ጠርቼ፣ ሴቶቹ ሳይበተኑ፣ ሲንቄዋን ይዛ አጠገቤ ታስነሽን ነበር።»

ይህ አልታሰበኝም ነበር። እውነቱን በሰዓቱ ብናገር ኖሮ ግማሹ ይድን ነበር። ቅጽበቷ ባትመለስም እናትና ልጅ ከነልብሳቸው፣ ከነዘመዶቻቸው እዚያው ነበሩ። ባትሪው የወሰደብኝ አንድ ፎቶ ነው፤ ሁለተኛውን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ብሩን ግማሹን ወሰዱ፣ ግማሹን መለሱልኝ። «ለባትሪ» አሉኝ፤ ትንሽ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ሦስተኛውን ቡና ሳልጠጣ አለቀቁኝም።

እናም ግሪፕ ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ ምክሬ አጭር ናት። ቻይናውን ግዙ፣ ባትሪውን ኦርጂናል አድርጉ፣ የነቀላችሁትን መዝጊያ አትጣሉ፣ ሰው ፊት ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ፈትኑት። ከዚያ በኋላም ድርግም ካለባችሁ እዚያው፣ እልልታው ሳይበርድ «ጠፋብኝ» በሉ።

ቸር ይግጠመን።