የማሽኑ ዓይንና የቪያ ቮልቱርኖ እሑዶች

እ.ኤ.አ. በ2017 መገባደጃ፣ ሮም ውስጥ ቪያ ቮልቱርኖ ላይ ባለች አንዲት ቡና ቤት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአንድ የባሕር ዳር ልጅ ጋር እየተቀመጥን ሥራዬን አስተምረው ነበር። ሥራዬ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ዕቃ የሚተክል ማሽን ማዘጋጀት ነው። ማሽኑ ዕቃውን በኖዝል መጥጦ ከሪሉ ያነሣል፤ ከሥር ወደ ላይ በሚያይ ካሜራ ፊት ያሳልፈዋል፤ መሐሉ የት እንደሆነና ምን ያህል እንደተጣመመ አስልቶ፣ አቃንቶ ቦርዱ ላይ ያስቀምጠዋል። ካሜራው ግን ስላየው ነገር በራሱ የሚያውቀው የለም። ቁመቱ ይህን ያህል ነው፣ እግሩ ይህን ያህል ነው፣ መብራቱ በዚህ በኩል ይብራ ብሎ አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ሰፈሩ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው፤ የሮም ሐበሻ የሚቀጣጠርበት። በዙሪያው ካሉት መንገዶች ብዙዎቹ ጣሊያን አንድ አገር ለመሆን በተዋጋችባቸው ቦታዎች የተሰየሙ ናቸው፤ ቮልቱርኖም የጋሪባልዲ ጦር በ1860 የተዋጋበት ወንዝ ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ፣ ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ፣ ራስ አሉላ በ1887 ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የአምስት መቶ ሰው ጦር መታሰቢያ ነው። ይህን ለልጁ የነገርኩት በተዋወቅን ቀን ነው። በየቀኑ የሚያቋርጠውን አደባባይ ታሪክ ማወቅ ይገባው ነበር።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ፒያሳ ኢንዲፔንደንሳ አለ። ልጁ እዚያው አጠገብ፣ ቪያ ኩርታቶኔ ላይ፣ ከ2013 ጀምሮ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በሰፈሩበት ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ይኖር ነበር። ኦገስት 19 ቀን 2017 ነዋሪው እንዲወጣ ተደረገ፤ አደባባዩ ላይ ሜዳ ያደሩትን ደግሞ ኦገስት 24 ፖሊስ በውኃ መድፍ በተናቸው። እኔ ከሥራ ስመለስ የደረስኩት ካለቀ በኋላ ነው። ፍራሽና ሻንጣው እንደራሰ መንገድ ዳር ተከምሮ ነበር። ከልጁ ጋር የተዋወቅነው በዚያ ሰሞን ነው። ማደሪያ አልነበረውም፤ ሙያ ግን ነበረው። ባሕር ዳር ሞባይል ጠጋኝ ነበር።

ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ሞባይል የሚጠግን ሰው ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ካፓሲተር በወረንጦ አንሥቶ በሆት ኤር ተክሏል። እኛ ጋ ተመርቀው የሚመጡ ልጆች ዕቃውን በሥዕል ያውቁታል፤ እሱ ግን በጣቱ ያውቀዋል። ካሊፐሬን፣ ማጉያዬንና ላፕቶፔን እየያዝኩ እሑድ እሑድ እመጣ ጀመር።

የጀመርነው በቀላሉ ነው፤ 1 ሚሊሜትር በግማሽ ሚሊሜትር በሆነች ሬዚስተር። ቁመት፣ ወርድ፣ ውፍረት፣ የኖዝል ቁጥር፣ የቴፕ እርምጃ፤ አለቀ። ዳዮድ ላይ ስንደርስ ልጁ አስቆመኝ።

«ጋሼ፣ አቅጣጫዋን የምታሳየው መስመሯስ? መስመሯን የት ነው የምንጽፍለት?»

«መስመሯ ከላይ ናት፤ ካሜራው የሚያየው ከሥር ነው።»

«ታዲያ ተገልብጣ ብትመጣ?»

«አያውቅም። ይተክላታል።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ዜሮ ዲግሪ የሚባለውን ነገር እንደ ዋዛ አላየውም። ዕቃው ቴፑ ውስጥ በየት በኩል ዞሮ እንደተኛ፣ ቦርዱን የነደፈው ሰው ዜሮ ብሎ የያዘው የትኛውን አቅጣጫ እንደሆነ፣ እኛ የማሽኑ የዕቃ መዝገብ፣ ላይብረሪው፣ ውስጥ የጻፍነው ከሁለቱ ጋር መስማማቱን ሳያረጋግጥ ወደሚቀጥለው አያልፍም ነበር። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት የሆነ አይሲ 180 ዲግሪ ቢዞር ካሜራው ምንም ቅሬታ የለውም፤ ችግሩ የሚታወቀው ቦርዱ መብራት ሲያገኝ ነው።

ከሁሉ ረጅም ጊዜ የወሰደብን ባለ መቶ እግሩ አይሲ ነው። ሰውነቱ 14 በ14 ሚሊሜትር፣ ከእግር ጫፍ እስከ እግር ጫፍ 16፣ በየጎኑ 25 እግር፣ ከአንዱ እግር መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 0.5፣ የእግሩ ወርድ 0.22 ገደማ። ልጁ የእግሩን ርዝመት ከሰውነቱ ጀምሮ እስከ ጫፉ ለካና 1 ሚሊሜትር ብሎ ጻፈ። ልኬቱ ትክክል ነው፤ ካሜራው የሚያየው ግን ያንን አይደለም። ማጉያውን ሰጠሁትና የስልኩን መብራት ከሥር አበራንለት። እግሩ ከሰውነቱ ወጥቶ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ከዚያ ቦርዱ ላይ የሚያርፈው መርገጫው ይዘረጋል። ብርሃኑን መልሶ ወደ ሌንሱ የሚልከው ጠፍጣፋው መርገጫ ብቻ ነው፤ የታጠፈው ክፍል ብርሃኑን ወደ ጎን ስለሚበትነው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለማሽኑ የሚጻፈው የመርገጫው ርዝመት ነው፤ 0.6። ልጁ ራሱ አጥፍቶ ጻፈው። ዳታ ሺት ስለ ዕቃው ይናገራል፤ እኛ የምንጽፈው ዕቃው በብርሃን ውስጥ ምን መስሎ እንደሚታይ ነው። በዚህ ሙያ ይህን ያልያዘ ሰው ቁጥር ሲቀያይር ይውላል።

የመብራቱም ነገር እንዲሁ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 2006 ጀምሮ እርሳስን ከአብዛኛው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሲከለክል የእግሮቹ ቅብ ተለወጠ። በእርሳስ ቅይጥ የተቀባ የድሮ እግርና በደብዛዛ ንጹሕ ቲን የተቀባ አዲስ እግር እኩል አያበሩም። መጠናቸው ሳይለያይ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ሊጣል ይችላል። ያኔ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የዳታው ነው፤ መብራቱን ከፍ ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

በ2018 ጸደይ ልጁ እኔ በምሠራበት ወርክሾፕ በቲሮቺኒዮ፣ በተለማማጅነት፣ ገባ። ወርክሾፑ ያለው በቪያ ቲቡርቲና በኩል ነው፤ ሴሌኒያን የመሳሰሉ የራዳር ሠሪዎች ከጥንት የነበሩበት መንገድ። ከቴርሚኒ በሜትሮ እስከ ሬቢቢያ፣ ከዚያ በአውቶቡስ አብረን እንሄዳለን።

አንድ ቀን ማታ ያ ባለ መቶ እግር አይሲ ይጣል ጀመር። ማሽኑ ያነሣል፣ ያያል፣ ይጥላል። ሁለተኛውን ያነሣል፣ ይጥላል። ቦርዶቹ ጠዋት ለደንበኛ መላክ አለባቸው። አለቃችን ካፖው መጣና ከኋላዬ ቆመ። «ትላንት የሠራ ዳታ ነው፤ ቶለራንሱን አስፋውና ይሂድ» አለ። በዚያ ሰዓት ይህን የማይል ካፖ አላውቅም፤ ክፉ ሰው ስለሆነም አይደለም፤ ሰዓቱ ስላስጨነቀው ነው። ቶለራንሱን፣ ማሽኑ ችላ ብሎ የሚያሳልፈውን የልኬት ልዩነት፣ ማስፋት ደግሞ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ቁጥሩን ትቀይራለህ፣ ማሽኑ መጣሉን ያቆማል፣ ሁሉም ሰው እፎይ ይላል።

እኔ ግን ያንን ቁጥር መንካት አልፈለግሁም። በሁለት እግሮች መካከል ያለው ባዶ ቦታ 0.3 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። አንድ እግር 0.15 ወደ ጎን ቢያጋድልና ማሽኑ ግድ የለም ብሎ ቢያሳልፈው፣ ምድጃው ውስጥ ሶልደሩ ሲቀልጥ ሁለቱን እግር አንድ ያደርጋቸዋል። ማሽኑ እኛ ልክ ነው ያልነውን ሁሉ ልክ ነው ብሎ ይቀበላል፤ ከሱ በኋላ የሚጠይቅ የለም።

ካፖውንና እኔን ያስማማን ልጁ ነው። ከጥሉ ሣጥን አንዱን አይሲ በወረንጦ አነሣ፤ የስልኩን መስታወት በልብሱ ጠርጎ አይሲውን በእግሩ አቆመበት። ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከመስታወቱ ትክክል አደረገና ከወዲያ በኩል መብራት አበራ። ባሕር ዳር ከተበላሸ ስልክ የተነቀለ አይሲ ተመልሶ ይተከል አይተከል እንደሆነ የሚያየው እንዲህ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ለካፖው ቦታውን ለቀቀለት። ካፖው መነጽሩን አውልቆ ጎንበስ አለ። ከአንደኛው ጥግ አጠገብ ያሉት እግሮች ሥር ብርሃን ይታይ ነበር፤ መስታወቱን አልነኩም። በማጉያ ስናየው ወደ ጎንም አጋድለዋል። አይሲዎቹ የመጡበት ትሪ አስቀድሞ ተከፍቶ የነበረ፣ የሆነ ሰው እጅ የገባበት ነው።

ካፖው ቀና ብሎ ሰዓቱን አየና ለደንበኛው ስልክ ለመደወል ወጣ። እኛ ትሪውን አወረድን። ሌላ ያልተከፈተ ትሪ መጋዘን ውስጥ ተገኘ፤ በዚያው ዳታ፣ በዚያው ቶለራንስ አንድም ሳይጣል አለፈ። ደንበኛው ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን በኋላ ለመውሰድ ተስማማ። የተበላሸው ትሪ ለሻጩ ተመለሰ።

በሚቀጥለው እሑድ ቪያ ቮልቱርኖ ስደርስ ልጁ ቡና አዝዞ ይጠብቀኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ በወረቀት የጠቀለለው ቢጂኤ አለ፤ ሆዱ በሙሉ የሶልደር ኳስ።

«ጋሼ፣ ይሄ እግር የለውም። መብራቱን ከየት እናድርግለት?»

«ከጎን፣ በጣም ዝቅ አድርገን። ኳሶቹ ብቻ እንዲያበሩና ሆዱ እንዲጨልም።»

ካሊፐሩን አንሥቶ የኳሶቹን ርቀት መለካት ጀመረ፤ እኔም ላፕቶፑን ከፈትኩ።