ስለ ማድ ቤት ነጣ ያለ ደንጊያ

ሰው ቤት በሚሠራበት ጊዜ ገንዘቡንም አሳቡንም አስቀድሞ የሚያፈሰው በእንግዳ መቀበያው ክፍል ነው። ወለሉ ይታሰባል፤ መጋረጃው ይመረጣል፤ የወንበሩ ልብስ ሦስት ጊዜ ይለወጣል። ማድ ቤቱ ግን ከሁሉ በኋላ ይመጣና ከሁሉ በተረፈው ገንዘብ ይሠራል። ይህም የቆየ ልማድ ነው፤ ባገራችን ማድ ቤት ከዋናው ቤት ተለይቶ በጓሮ የሚቆም፥ ጢስ ያጠቆረው፥ እንግዳ የማያየው ቤት ነበረና። ዛሬ በከተማ፥ ይልቁንም ፎቅ ላይ በሚኖሩ ሰዎች ዘንድ፥ ማድ ቤቱ ወደ ውስጥ ገብቶ የእንግዳ መቀበያው ጎረቤት ሆኗል። ልማዱ ግን ገና ከጓሮው አልተመለሰም።

ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ያነሣሣኝ በቅርቡ በአዲስ አበባ ያለውን የቤታችንን ማድ ቤት ባደስን ጊዜ፥ ለመደቡ የሚሆን ግራናይት ለመምረጥ አያሌ ቀን መድከማችን ነው። መደብ የምለው ከፍታው ከወገብ የሚደርሰውን፥ ሽንኩርት የሚከተፍበትን፥ ድስት የሚወርድበትን፥ የዕቃ ማጠቢያው የሚገባበትን ረዥሙን ገበታ ነው፤ ነጋዴዎቹ በፈረንጅ ቃል ካውንተር ይሉታል። ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፥ ነገሩ ትንሽ ቢመስላችሁ አልፈርድባችሁም። ነገር ግን በቤታችን በዚያ መደብ ላይ የምትሠራው እናቴ ናት፤ ዐይኗም ደክሟል።

በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተደረገው የዐይን ጤና ጥናት ባገራችን ካለው ዕውርነት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው በሞራ ግርዶሽ መሆኑን አስታውቋል፤ ሞራም በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ለእናቴም ባንድ ዐይኗ ተወግዶላታል። ሞራው በተነሣ ጊዜ ግን ከበስተ ኋላው ያለው ሬቲና የሚባለው ስስ መጋረጃ በዕድሜ መድከሙ ተገለጠ፤ ለዚህ ደግሞ ሐኪሙ ከመነጽርና ከመልካም ብርሃን በቀር የሚሰጣት ነገር አልነበረውም። ብርሃን ባይጎድላት እንኳ ቀለምን ከቀለም፥ የአንዱን ዕቃ ጠርዝ ከሌላው መለየት ያስቸግራታል። ጤነኛም ቢሆን የ60 ዓመት ሰው ዐይን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብርሃን የ20 ዓመት ጎልማሳ ዐይን ከሚያስገባው ሲሶው ያህል ብቻ ነው ይላሉ ሊቃውንቱ፤ እናቴ ደግሞ 78 ዓመቷ ነው።

የቀድሞው መደባችን ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነበረ። እጀታው ጥቁር የሆነ ቢላዋ በላዩ ሲቀመጥ ይሰወራል። ወለሉም ጠቆር ያለ ስለ ነበረ መደቡ የት እንደሚያልቅ አይታያትም፤ ገና መደብ አለ ብላ ብርጭቆውን ካየር ላይ ታኖረዋለች። ሦስተኛው ብርጭቆ ከተሰበረ በኋላ ወደ ማድ ቤት መግባቷን ተወች። ማንም አልከለከላትም፤ «እንግዲህ ልጆቹ ይሥሩ» አለች እንጂ። ከ60 ዓመት በላይ ወጥ የሠራች ሴት ከሰዓት በኋላውን ሁሉ በመስኮት አጠገብ ተቀምጣ፥ ከማድ ቤት የሚመጣውን ሽታ እያሸተተች «ሽንኩርቱ ገና አልበሰለም፥ ቅቤውን አታስገቡ» ስትል መስማት ለኔ ቀላል ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ጥቁሩን አንሥተን ነጣ ያለ ደንጊያ ልናኖር ቈረጥን። የደንጊያ ነጋዴው ግን ይህን አሳባችንን አልወደደውም። «ጋሼ፥ ጥቁር ይውሰዱ፤ ጥቁር ቆሻሻ አያሳይም» አለኝ። ባለቤቴም «የማይታየው ቆሻሻ የት ሄዶ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ነጋዴው ሳቀና ወደ ነጫጮቹ ወሰደን። እኔም የባለቤቴን ቃል እደግፋለሁ፤ ምግብ የሚሰናዳበት ቦታ ቆሻሻውን ቢያሳይ ሥራውን ሠራ እንጂ በደል አልሠራም።

እዚህ ላይ ስለ ደንጊያው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ግራናይት በምድር ውስጥ በጥልቅ ስፍራ የቀለጠ ዐለት እጅግ በዝግታ በመቀዝቀዙ የተሠራ ነው፤ በዝግታ ስለ ቀዘቀዘም ቅንጣቶቹ በዐይን እስኪለዩ ድረስ አድገዋል። ዋና ዋናዎቹም ኳርትዝ፥ ፌልድስፓርና ሚካ ናቸው። ነጣ የሚለው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲበዙ ነው፤ በውስጡ የምናየውም ጥቁር ነቁጥ አብዛኛውን ጊዜ ሚካ ነው። ነገር ግን በገበያ ግራናይት የሚባለው ሁሉ ግራናይት አይደለም። ጥቁር ግራናይት እየተባለ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ጋብሮ ወይም ዶለራይት የሚባል ሌላ ደንጊያ ነው። የስሙ መደባለቅ በነጋዴ ብቻ አይደለም። ከሮማ በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በስፍራው የቆመውን የአክሱምን ሐውልት ብዙ ሰው ግራናይት ይለዋል፤ የሥነ ምድር ሊቃውንት ግን የአክሱም ሐውልቶች ኔፌሊን ሳይናይት ናቸው ይላሉ። ሳይናይት የሚለውም ስም የወጣው በመጽሐፍ ሴዌኔ ከተባለችው ከግብፅ ከተማ፥ ከዛሬዪቱ አስዋን ነው።

ለቤት ሠሪ ከስሙ ይልቅ የሚጠቅመው ሁለት ፈተና ነው። መጀመሪያው በሎሚ ነው። ከነጋዴው ቁራሽ ለምናችሁ የሎሚ ውሃ አንጠባጥቡበት፤ ጥቂት ቆይቶ ጠብታው የነካው ስፍራ ቢደበዝዝ ደንጊያው እብነ በረድ ነው ወይም የኖራ ዘር አለበት፤ በማድ ቤትም አይበረክትም። እውነተኛ ግራናይት ሎሚን አይፈራም፤ ቢላዋም በቀላሉ አይጭረውም፤ ኳርትዝ በደንጊያ ጥንካሬ መለኪያ 7ኛ ሲሆን የቢላዋ ብረት ከ6 በታች ነውና። ሁለተኛው ፈተና በውሃ ነው። ውሃ አፍስሳችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ሲጠረግ ከሥሩ ጠቁሮ ቢገኝ ደንጊያው ይጠጣል ማለት ነው፤ ውሃ የሚጠጣም ቅቤንና እርድን ይጠጣል። ነጫጮቹ ደንጊያዎች በዚህ ነገር ከጥቁሮቹ ይልቅ ደካሞች ናቸው፤ ይህንን ሳይሸሽግ የሚናገር ነጋዴ ብርቅ ነው። መድኃኒቱ ማሸጊያ የሚባለውን ፈሳሽ መቀባት ነው፤ እርሱም ለዘለዓለም አይኖርም፤ የውሃው ፈተና ሲያሳስብ እንደ ገና ይቀባል።

እናቴን ወደ መጋዘኑ ይዘናት የሄድነው በሁለተኛው ጊዜ ነው። ነጋዴው ከህንድ አገር የሚመጣውን ካሽሚር ዋይት የተባለውን አቀረበላት፤ መልኩ ወተት የመሰለ፥ ጋርኔት የሚባል ቀይ ቅንጣት ጣል ጣል ያለበት፥ በእውነቱ የተዋበ ደንጊያ ነው። እናቴ ጎንበስ ብላ ባውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ አንዱን ቀይ ቅንጣት ለማንሣት ሞከረች። አልነሣ ሲላት «ይህ ምስር ተጣብቋል» አለች። ነገሩ ሁላችንንም አሳቀን፤ እሷም ሳቀች፤ ምርጫው ግን በዚያው ተቈረጠ። ትልልቅ ነቁጥና ጅማት ያለበት ደንጊያ በሩቅ ሲታይ ቢያምርም፥ ዐይኑ ለደከመ ሰው ፍርፋሪው ከደንጊያው፥ ደንጊያውም ከፍርፋሪው አይለይለትም። ስለዚህ ቅንጣቱ ደቃቅና እኩል የሆነውን፥ ከሩቅ አንድ ወጥ መልክ ያለውን ነጣ ያለ ግራጫ መረጥን። የናሙና ቁራሽ ብቻ ሳይሆን ሙሉው ሰሌዳ ወደ ውጭ ወጥቶ በፀሐይ ብርሃን እንዲታይ አድርገናል፤ የጣት ርዝመት የሚያህል ቁራሽ የሦስት ሜትሩን መልክ አይናገርምና።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ስለ ልስላሴው ነበረ። ሰው ሁሉ የሚወደው እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቀውን ነው። እናቴ ግን በመዳፏ ዳሰሰችውና «ይህ ወፍጮ መወቀር ይገባዋል» አለች። በልጅነቷ ተንበርክካ በወፍጮና በመጅ የፈጨች ሴት ናት፤ የለሰለሰ ወፍጮ እህል ስለማይዝ ተወቅሮ እንዲሻክር ይደረግ ነበርና ደንጊያን የምትመዝነው በዚያ ልማድ ነው። ቀልዷ ወደ እውነት መራን። የሚያብረቀርቅ መደብ የመስኮቱንና የአምፖሉን ብርሃን ወደ ዐይን ይመልሳል፤ ሞራ ባለበት ዐይን ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለው ብርሃን ተበትኖ ሁሉን ያደበዝዛል፤ እሷም ሞራው ገና ያልተወሰደለት ሁለተኛ ዐይን አላት። ስለዚህ ቆራጮቹ ከመጨረሻው ማብረቅረቂያ በፊት እንዲያቆሙና ደንጊያው ለስላሳ ሆኖ ደብዛዛ እንዲቀር አደረግን። ይህ ኪሣራ አለበት፤ ደብዛዛው ከሚያብረቀርቀው ይልቅ ዘይትና ቅቤ ቶሎ ይቀበላል። እኛም ማሸጊያውን አዘውትሮ መቀባትን መርጠን ተቀበልነው።

አንዳንድ ወዳጆች ኳርትዝ የሚባለውን ሰው ሠራሽ ሰሌዳ መክረውን ነበር። ያ የተፈጨ ደንጊያ በሙጫ ተጣብቆ የሚሠራ ነው፤ ንጣቱ እኩል ነው፤ ፈሳሽም አይጠጣም። ነገር ግን የጋለ ድስት ሲያርፍበት ሙጫው ይለወጣል። ባገራችን ማድ ቤት፥ ከእሳት የወረደ ድስትና ጥቀርሻ ያለበት ጀበና ባገኘበት በሚቀመጥበት ቤት፥ ይህ ብቻ ይበቃዋል።

ስለ አተካከሉ በአጭሩ ልናገር። 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግራናይት በካሬ ሜትር 54 ኪሎ ያህል፥ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነውም 80 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ ከሥሩ ያለው ሣንዱቅ ጽኑ መሆን አለበት። ደንጊያ ሸክም ይችላል፤ መጉበጥ ግን አይችልም። ደካማው ስፍራ ለዕቃ ማጠቢያው ተቈርጦ ከፊትና ከኋላ የሚቀረው ቀጭን ክፍል ነው፤ መጋጠሚያውም በዚያ እንዳይሆን ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሙቀጫም በመደቡ ላይ አይወቀጥ፤ ስፍራው ወለል ነው።

አሁን ወደ ማስጌጡ እመጣለሁ፤ በዚህ ነገር ከባለቤቴ ጋራ ጥቂት ተከራክረናል። እሷ ነጣ ባለው ደንጊያ ላይ ሁሉንም ነጭ ልታደርግ ወድዳ ነበር፤ ነጭ ግድግዳ፥ ነጭ ሣንዱቅ፥ ነጭ ሲኒ። በሥዕል ሲታይ ያምራል። ነገር ግን ነጭ ሲኒ በነጭ ደንጊያ ላይ፥ ጥቁር ቢላዋ በጥቁር ደንጊያ ላይ እንደ ጠፋ ሁሉ፥ ይጠፋል። ስለዚህ ሣንዱቁን ከዋንዛ እንጨት አሠራን፤ የዋንዛው ቡናማ መልክ ከደንጊያው ጋራ ተስማምቶ ነጩን ሞቅ አድርጎታል። በመደቡም የፊት ጠርዝ ላይ የሁለት ጣት ስፋት ያለው ጠቆር ያለ እንጨት ዙሪያውን ሄደ፤ እናቴ አሁን መደቡ የሚያልቅበትን ታያለች። ጨው በሸክላ ዕቃ ሆነ። ሲኒዎቹም በጠቆረ የእንጨት ገበታ ላይ ይደረደራሉ። ከዚህ በቀር በመደቡ ላይ የቆመ ነገር የለም፤ ጀበናው በማቶቱ በአንድ ማዕዘን፥ የጤና አዳም ተክል በመስኮቱ ሥር፥ የሐረር ሰፌድ በግድግዳው። ነጣ ያለ ደንጊያ ባዶውን ሲተዉት ነው የሚያምረው፤ ከመስኮቱ የሚገባውንም ብርሃን ወደ ላይ መልሶ ክፍሉን ሁሉ ያበራል።

በሳምንቱ እርድ ፈሰሰበት፤ በሁለተኛው ሳምንት ንጥር ቅቤ። እርዱ ወዲያው በሳሙናና በውሃ ተጠረገና አልቀረም። ቅቤው ግን ሌሊቱን አድሮ ጥላ የመሰለ ምልክት ተወ። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ እንደ ሊጥ ለውሰን፥ በላስቲክ ሸፍነን፥ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት አቆየነው፤ ሲደርቅ ስቡን ይዞት ወጣ። ሁለት ጊዜ መደጋገም አስፈልጎናል። ኮምጣጤና በረኪና ግን ማሸጊያውን ስለሚያዳክሙ አናስጠጋቸውም።

እናቴ ወደ ማድ ቤቱ የተመለሰችው ማንም ሳይጠራት ነው። አንድ ማለዳ ምስሩን በመደቡ ላይ ዘርግታ ስትለቅም አገኘኋት። ቀዩ ምስር በነጣው ደንጊያ ላይ ፍሬ በፍሬ ይታያል፤ በመካከሉም ያገኘችውን ጠጠር ለብቻው አስቀምጣ አሳየችኝ፤ ያሳየችኝም በኩራት ነበር። የተላጠው ነጭ ሽንኩርት ግን አሁንም ይሰወርባታል፤ ለእርሱ ጥቁር መክተፊያ ገዛንላት። የቀረው የነጭ ሽንኩርቱ ቢላዋ ነበረ፤ እጀታውም ጥቁር ስለ ሆነ በአዲሱ መክተፊያ ላይ ሲጋደም እንደ ገና ጠፋባት፤ በቀይ ክር ጠመጠመችው።