የእናቴ ጉልበትና የቮልሷ ከፍታ

ከኤረር በር ወጣ ብለን በቆምንበት ቦታ ልጄ ካርቶን አንጥፎ፣ ሜትር ይዞ ከቮልሷ ሆድ ሥር ገባ። «አባዬ፣ 15 ሳንቲም ብቻ ናት!» አለ ከሥር ሆኖ። ገበያቸውን ጨርሰው አህዮቻቸውን እየነዱ ወደ ሸለቆው የሚወርዱ ሴቶች እያዩን አለፉ። አንዷ ቆም አለችና «አቦ፣ ይቺን አሮጊት ምን ልታደርጓት ነው?» ብላ ሳቀችብን።

ልናደርጋት ያሰብነው ባጊ ነበር። ቮልሷ የአባቴ ናት። እሱ ካረፈ ወዲህ ለዓመታት በመቆሟ ላሜራዋን ዝገት በልቶታል፤ ሞተሯና ሻንሲዋ ግን ደህና ናቸው። እናቴ ደግሞ አንድ ምኞት አላት። ከኤረር ሸለቆ በላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ በድንጋይ በተሠራችው የአርጎባዎች መንደር በኮሮሚ የድሮ ወዳጅ አለቻት። ለሃያ ዓመት ያህል ኤረር በር ገበያ ላይ ሲገናኙ ኖረዋል። አሁን ወዳጇ እግሯ አልታዘዝ ብሏት ገበያ መውጣት ትታለች፤ የእናቴም ጉልበት ከእሷ አይሻልም። ድንጋያማውን መንገድ የባጃጅ ሹፌር እሺ አይልም፣ ላንድክሩዘር መከራየት ደግሞ የወር አስቤዛችንን ይበላል።

ቮልስን ወደ ባጊ መለወጥ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በ1964 እ.ኤ.አ. ብሩስ ማየርስ የተባለ አሜሪካዊ ጀልባ ሠሪ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለቮልስ ሞተር ቀላል የፋይበርግላስ አካል ሠራለት። በኋላ የወጡት ደግሞ የቮልሱን ሻንሲ 37 ሳንቲም ያህል አሳጥረው የተገጠሙ ነበሩ። በ1967 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ በባሃ ካሊፎርኒያ በረሃ በተደረገው የመጀመሪያው ረጅም ውድድር አንደኛ የወጣችው የእሱ ባጊ ናት። ለሐረር ሰው ግን አሮጌ መኪና ዳገት እንደሚወጣ ማስረዳት አያስፈልግም። ፈረስ መጋላ ላይ ተሰልፈው እያየናቸው ያደግነው ፔጆ 404 ታክሲዎች፣ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር ያሸነፈው ሞዴል ናቸው።

እኛ ሻንሲዋን አልቆረጥንም። ብየዳው ያስፈራል፤ ቦሎ ልናሳድስ ስንሄድ የሚጠብቀንን ጥያቄ ሳስበው ደግሞ ያልበኛል። የበሰበሰውን ላሜራ አውልቀን በቱቦ ብረት አጥር አበጀንላትና ክርክሩ ከፍታው ላይ ሆነ። ልጄ 30 ሳንቲም አለ። በስልኩ ያያቸው ባጊዎች ሁሉ እንደ አንበጣ እግራቸው የረዘመ ነው። እውነቱን ለመናገር የእኔም ልብ ከእሱ ጋር ነበር።

መካኒኩ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ከፍታ በነጻ አይመጣም» አለኝ።

ቮልስ ከኋላ የተጠቀለለ ሞላ የላትም። በምትኩ የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ አላት፤ ጎማው በወጣና በወረደ ቁጥር ዘንጉ ይጠመዘዛል። ዘንጉ በውስጠኛው ጫፍ 40፣ በውጨኛው 44 ጥርስ አለው። ውስጡን አንድ ጥርስ ወደ አንድ ወገን አዙሮ፣ ውጩን አንድ ጥርስ ወደ ሌላው ሲመልሱት ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ነው፤ ጎማው ላይ ግማሽ ሳንቲም ገደማ ይሆናል። ይህን ያህል በጥንቃቄ እንዲለካ የተሠራውን እኛ በአንድ ከሰዓት ሁለት ጥርስ አዙረን ጅራቷን 11 ሳንቲም ያህል ሰቀልናት።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለወዳጇ ቡናና ስኳር ይዛ ወጣች። አንድ እግሯን አነሳች፣ ጠርዙ ላይ አልደረሰም። ደገመች። «ይሄማ ግመል ነው፤ መጀመሪያ አንበርክኩልኝ!» አለችና ተመልሳ ገባች። ቅር ብሏት ነበር፤ ጉልበቷ ሲረታት ፊቷን ታዞራለች። እኔና ልጄ «መንገዱን አይተን እንመጣለን» ብለን ወረድን። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ዓመት አልሞላውም፣ መሪውን ግን ሰጠሁት።

ከኤረር በር ብዙም ሳንርቅ፣ በቁልቁለቱ አንዲት ጠመዝማዛ ላይ መካኒኩ ያለው ደረሰ። የእኛ ቮልስ ከድሮዎቹ ናት፤ የኋላ አክስሏ ከካምቢዮው ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ይወዛወዛል። ጅራቷ ሲሰቀል ክንፎቹ ወደ ታች ያዘነብላሉ፣ ጎማዎቹም ከላይ ሰፍተው ከታች ይጠባሉ። ኩርባ ላይ ክብደቱ ሲጫን የውጨኛው ጎማ ይበልጥ ወደ ሆዷ ሥር ይታጠፍና መኪናዋን ያነሳታል። ፍጥነታችን የሮጠ ሰው የሚቀድመው ነበር። እንደዚያም ሆኖ ጅራቷ ብድግ አለ፣ ሰማዩ ተጋደመ፣ የመንገዱ ዳር አፈር ደግፎ ባይዘን ተገልብጠን ነበር። ልጄ መሪውን ጨብጦ ዝም አለ። እኔ ያየሁት የኋላውን ባዶ ወንበር ነው፤ እናቴ የምትቀመጥበትን።

ወደ ቤት ስንመለስ ምን እንደሆነ አልነገርናትም። ነጭ ሆኖ የመጣውን የልጁን ፊት አይታ ግን ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምራ ሻይ ሰጠችው።

ከዚያ በኋላ ነው በደንብ ማሰብ የጀመርነው። አንድ ቀን ሙሉ ከልጄ ጋር የኮሮሚን መንገድ በእግር ሄደን ድንጋይ ለካን። (አንድ እረኛ ልጅ መሬት ልንገዛ የመጣን መስሎት ነበር።) አብዛኛው ከ18 ሳንቲም አይበልጥም፤ የሚበልጡት ጥቂቶች ደግሞ በጎማ ሊወጣባቸው ወይም ሊታለፉ የሚችሉ ናቸው። ለካስ 30 ሳንቲም የሚጠይቅ ድንጋይ አልነበረም፤ የሚጠይቀው ልባችን ነው። ሌላም ነገር ገባን። መኪና የሚነካው በአማካይ ከፍታው ሳይሆን በዝቅተኛው ቦታው ነው፤ የእኛዋ ደግሞ ሞተሯ ከኋላ ጎማ አልፎ ስለተንጠለጠለ ጉድጓድ ስትወጣ ቀድሞ መሬት የሚፈልገው እሱ ነው። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 2.4 ሜትር ብቻ በመሆኑ ግን ረጅም መኪና ሆዱን የሚያስቀምጥበትን ጉብታ ትሻገረዋለች።

መካኒኩ ዘንጉን መለሰው፤ በጥርስ እየቆጠረ ከመጀመሪያው 3 ሳንቲም ብቻ ከፍ አደረጋት። የቀረውን ከጎማ አገኘን። እዚህ ላይ ልጄ ተናዶ ነበር፤ ቁመቱ በ7 ሳንቲም የጨመረ ጎማ ሆዷን የሚያነሳት በግማሹ፣ በ3.5 ሳንቲም ብቻ ነው። ከሞተሩ ሥር ወፍራም ላሜራ አሠርን። በሜትር 21 ሳንቲም ተኩል ሆነች። እናቴ እግሯን አነሳች፣ ጠርዙን ረገጠች፣ የብረቱን አጥር ይዛ ገባችና ነጠላዋን አስተካከለች። «አሁን መኪና ሆነች» አለች።

ኮሮሚ እስክንደርስ ላሜራው ሁለት ጊዜ ተፋቀ። በተፋቀ ቁጥር እናቴ «በስመአብ» ትላለች፣ ልጄ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ወዳጇ በድንጋይ ቤቷ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ሲያዩ አልተነሱም፤ መነሳቱ ለሁለቱም ሥራ ነው። እናቴ ከመኪናው ወርዳ አጠገቧ እስክትቀመጥ ድረስ ዝም ብለው ሲተያዩ ቆዩ፣ ከዚያ ሁለቱም ባንድ ላይ ማውራት ጀመሩና እኛን ረሱን።

ልንመለስ ስንል ሴትዮዋ በትሯን ተደግፋ እስከ ቮልሷ መጣች። ዞር ዞር ብላ አየቻት። «ወላሂ፣ እኔንም ኤረር በር ገበያ ታደርሰኛለች?» አለችና እግሯን አነሳች። ጠርዙ ላይ ለመድረስ ሁለት ጣት ያህል ቀራት።

ልጄ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ።