ለእናትህ አይፎን ግዛላት

ሰሞኑን የቀድሞ ተማሪዎቼ ግሩፕ ውስጥ ክርክር ተነስቷል። አሜሪካ ያሉት «ቴሌግራሙን ትተን ሁላችንም ዋትስአፕ እንግባ» ይላሉ። ቦንጋና አዲስ አበባ ያሉት ደግሞ «ቴሌግራም ምን ጎደለው?» ባይ ናቸው። አንዱ ጭራሽ «ሁላችሁም አይፎን ቢኖራችሁ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር» ብሎ ነገሩን አጋጋለው። አስተማሪ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የአይፎኑ ነገር እዚያ አሜሪካ እውነተኛ ጠብ ነው። ከአይፎን ወደ አይፎን የተላከ መልእክት ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፣ ወደ አንድሮይድ የተላከው ግን አረንጓዴ። ልዩነቱ ቀለም ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ቪዲዮው ተጨማድዶና ደብዝዞ ነበር የሚደርሰው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 አንድ ሰው በስብሰባ ላይ የአፕልን ኃላፊ ቲም ኩክን «ለእናቴ ቪዲዮ መላክ አልቻልኩም» ቢለው፣ «ለእናትህ አይፎን ግዛላት» ብሎ መለሰለት። ተሳቀ። በዓመቱ፣ በኅዳር 2023፣ አፕል አር.ሲ.ኤስ የሚባለውን የጋራ አሠራር እቀበላለሁ አለ፤ በመስከረም 2024 ተግባራዊ አደረገው። ፎቶና ቪዲዮው ጠራ፣ አረንጓዴው ግን እስከ ዛሬ አረንጓዴ ነው።

አሁን ወደ ማንኪራ ልውሰዳችሁ። (የቡና መገኛ ማንኪራ ናት፤ በዚህ ላይ ክርክር አልከፍትም።) አንድ ተማሪዬ እዚያ ይኖራል። ቡና ይለቅማል፣ ቀፎ ይሰቅላል። ስልኩ ቁልፍ ያላት፣ ባትሪዋ ማታ መንገድ የምታበራ ትንሽ ስልክ ናት። አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ሳምንት ትቆያለች፤ መብራት በሌለበት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ባለፈው ክረምት አብሯቸው የተማረ ልጅ አረፈብን። እኔ ያን ሰሞን ለሕክምና አዲስ አበባ ነበርኩ። መርዶው ግሩፑ ላይ ወጣ፤ ሰዓት ሳይሞላ «ነፍስ ይማር» በ«ነፍስ ይማር» ላይ ተደረደረ፣ ከሲያትል ሳይቀር። የማንኪራው ልጅ የሰማው ግን ከቀብሩ በአራተኛው ቀን፣ ማር ሊሸጥ ቦንጋ ገበያ ሲወጣ፣ ከሰው አፍ ነው። ሦስት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ልጆች ናቸው እኮ! እኛ ዘንድ ከጓደኛ ቀብር መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። እኔ ስመለስ ቤት መጣና ብዙም አልተናገረም። «ቲቸር፣ ስልኬ እኮ ክፍት ነበረች» አለኝ።

ክፍት ነበረች፤ እውነቱን ነው። ያቺ ስልክ ከ09ም ከ07ም ደውሉላት ታነሳለች፣ ጽሑፍ ላኩላት ትቀበላለች። ይሄ ደግሞ የሁለቱ ኩባንያዎች ደግነት አይደለም። ሳፋሪኮም በ2022 ሥራ ሲጀምር ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር እንዲገናኝ ያስገደደው ሕግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1148/2011ን ማየት ነው። ቴሌግራምንና ዋትስአፕን ግን እኛ ጋ «ተነጋገሩ» ያላቸው የለም። አውሮፓውያን ብለዋል፤ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ዋትስአፕ ለሚጠይቁት ሌሎች መተግበሪያዎች በሩን እንዲከፍት በሕግ ገድበውታል። ተፎካካሪ በፈቃዱ በር ሲከፍት አላየሁም።

«እንግዲያው ኤስ.ኤም.ኤስ ይበቃናል» እንዳትሉኝ። እሱም ቢሆን ሲሠራ ፊደላችንን አላሰበም። አንድ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ከጻፋችሁ 160 ፊደል ይገባበታል፣ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ። ከመሃል አንዲት «ሀ» ብታስገቡ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል፤ ካለፈም ተቆርጦ እንደ ሁለት ይቆጠራል። የማንኪራው ልጅ ስልክ ላይማ ጭራሽ ፊደሉ አይነበብም፣ ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የጓደኛውን መርዶ እንኳ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምንጽፍለት። ዕድሜዬን ሙሉ ሀሁ ሳስተምር ኖሬ ይሄ ያንገበግበኛል፣ ግን ሳይደርሰው ከሚቀር ይሻላል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ቴሌግራምም ሁኑ ዋትስአፕ፣ የፈለጋችሁበት ግቡ፤ ለእኔ ሁለቱም ያው ናቸው። ለቅሶ፣ ሕመምና ሠርግ ግን ግሩፕ ላይ ስለተለጠፈ ብቻ ተነገረ አይባልም። ቦንጋ ያሉ ሁለት ልጆች ግሩፑ ውስጥ ለሌሉት በጽሑፍ ሊልኩ፣ መልስ ካልመጣ ሊደውሉ ተስማምተዋል። የጥቅሉን ብር እኔ እችላለሁ። ደብተሬ ላይ እስካሁን አሥራ አንድ ቁጥር አለ፣ የማንኪራውም አለበት። ከጊምቦ፣ ከጨናና ከጌሻ ወገን ያሉትን የምታውቁ ስልካቸውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ቁጥሩን ስትልኩ ስልኩ አማርኛ ያነብ እንደሆነም አብራችሁ ጻፉልኝ።